«ራሱን የቻለ» ማነው?

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በቋንቋችን «ራሱን የቻለ» የሚባለው ሰው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ መዝገበ ቃላት መግለጥ አያስፈልግም። ጎጆ የወጣ፣ የራሱን ምድጃ ያነደደ፣ ከአባቱ ኪስ ሳይሆን ከራሱ ደመወዝ የሚኖር ሰው ነው። በአባቱ ጣራ ሥር አድሮ፣ እናቱ የጋገረችውን እንጀራ በልቶ፣ በማግሥቱ «እኔ ራሴን የቻልሁ ነኝ» የሚል ልጅ ቢኖር ቤተ ዘመድ ይስቅበታል፤ አባትም ቅር ይለዋል። ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ግን ይህንኑ ቃል በሕጉ ጽፎ፣ በወላጆቹ ቤት የሚኖረውን ጐልማሳ ተማሪ «ራሱን የቻለ ነው» ብሎ ስለሚያስፈርም አንድ አገር ነው። አገሩ የአሜሪካ ዩናይትድ ስቴትስ ነው፤ ተማሪውም የመጀመሪያ ዲግሪውን ጨርሶ ለማስተርስ ወይም ለዶክትሬት የገባ ነው።

ምናልባት «የአሜሪካ ቅጽ ለእኔ ምኔ ነው?» የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በየመሥሪያ ቤታችን ብንጠያየቅ፣ ልጁ ወይም ወንድሙ ወይም እኅቱ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ባሉት የሜሪላንድና የቨርጂንያ ከተሞች የማይኖርለት ሰው ጥቂት ነው። በ1990 የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ የዕጣውን ቪዛ፣ ማለት እኛ ዲቪ የምንለውን፣ ከፈጠረ ወዲህ ብዙ ቤተ ሰብ በዚሁ በር ገብቷል። (የውጭ አገር ሕግ የምናነሣ ስለ ሆነ፣ ካልተገለጸ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።) ያ ቤተ ሰብ በስልክ ሲያማክረን የምንመልሰው መልስ በአገራችን ልማድ ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ፣ አንዳንድ ጊዜ ከመጥቀም ይልቅ ይጐዳል።

ጉዳዩ እንግዳ እንዳይሆንባችሁ ከራሳችን አገር ልጀምር። በእኛ አቈጣጠር በ1995 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት ወጪ መጋራት ደንብ ከወጣ ወዲህ፣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ወጣት ከወጪው ድርሻውን በስሙ አስመዝግቦ፣ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቈረጠ እንዲከፍል ውል ይፈርማል። ውሉን የሚፈርመው ተማሪው ነው። አባቱ የቱንም ያህል ደመወዝ ቢኖረው፣ ዕዳው በልጁ ስም ይጻፋል እንጂ በአባቱ ስም አይጻፍም። ስለዚህ በትምህርት ጉዳይ ልጅን ከአባት ለይቶ መቍጠር ለእኛም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። እንግዳ የሚሆንብን በአሜሪካ ቅጽ ላይ የተጻፈው ቃል ነው።

አሁን አንድ ቤተ ሰብ በምሳሌ እናስብ። አባትና እናት በዲቪ ከሄዱ ዐሥራ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። አባት ታክሲ ይነዳል፤ እናት በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ትሠራለች። የመጀመሪያ ልጃቸው በሃያ ሁለት ዓመቷ ዲግሪዋን ጨርሳ፣ በሕዝብ ጤና ትምህርት ለማስተርስ ተቀባይነት አግኝታለች። የምትኖረውም ከወላጆቿ ጋራ ነው፤ ኪራይ አትከፍልም፤ ከታናሽ እኅቷ ጋራ አንድ ክፍል ትጋራለች። የፌዴራሉን መንግሥት የትምህርት ርዳታ የሚጠየቅበትን «ፋፍሳ» የሚባለውን ቅጽ በኮምፒዩተር ትከፍታለች። ቅጹ ተማሪውን «ጥገኛ» ወይም «ራሱን የቻለ» ብሎ ይለያል። ልጅቱም ትደነግጣለች። ራሴን የቻልሁ ብትል ውሸት መስሎ ይታያታል፤ በቅጹ ላይም እያወቀ ሐሰት የጻፈ ሰው እስከ 20,000 ዶላር መቀጫ ወይም እስራት ሊያገኘው እንደሚችል ተጽፏል። ጥገኛ ነኝ ብትል ደግሞ የአባቷንና የእናቷን ገቢ ቅጹ የሚጠይቃት ይመስላታል፤ የሁለት ሰው ደመወዝ ሲደመር ርዳታውን የሚያስቀርባት ይመስላታል።

ከዚህ በኋላ በቤቱ ውስጥ የሚሆነውን ለመገመት አያዳግትም። አባት «በቤቴ እየኖርሽ እንዴት ራሴን ችያለሁ ብለሽ ትፈርሚያለሽ?» ይላል። ጎረቤት ይጠራል፤ ወደ አዲስ አበባም ይደወላል። አንዱ መካሪ «ከቤት ትውጣና ክፍል ትከራይ፤ ያን ጊዜ ራሷን የቻለች ትሆናለች» ይላል። ሁለተኛው «አባትየው ከግብር መዝገቡ ይሰርዛት» ይላል። ሦስተኛው «ይቅርባት፤ ሥራ ትያዝ» ይላል። ሦስቱም ምክር ከቅንነት የመነጨ ነው፤ ሦስቱም ግን ስሕተት ነው። የመጀመሪያው ምክር ቤተ ሰቡን በየወሩ የቤት ኪራይ ያስከፍለዋል፤ የመጨረሻውም ልጅቱን ከትምህርቷ ያስቀራታል።

ሕጉ የሚለው እንዲህ ነው። ለማስተርስ ወይም ለዶክትሬት ዲግሪ የገባ ተማሪ በዚያው ምክንያት ብቻ በፌዴራሉ የትምህርት ርዳታ ዘንድ ራሱን የቻለ ነው። ሌሎችም ምክንያቶች አሉ፤ ሃያ አራት ዓመት የሞላው፣ ያገባ፣ በውትድርና ያገለገለ፣ የሚያሳድገው ልጅ ያለው፣ ወላጆቹ የሞቱበት፣ ከእነዚህም ጋራ የሚመሳሰሉ ጥቂት ሰዎች እንዲሁ ይቈጠራሉ። ከነዚህ ሁሉ አንዱ ብቻ ቢገኝ ይበቃል። የት ታድራለህ፣ ኪራይ ትከፍላለህ ወይስ አትከፍልም፣ ማን ያበላሃል የሚል ጥያቄ በመለያው ውስጥ የለም። ስለዚህ ያች ልጅ በወላጆቿ ቤት እንደ ኖረች ያለ አንዳች ሐሰት ራሷን የቻለች ብላ ትፈርማለች። የምትጽፈውም የራሷን ገቢና የራሷን ገንዘብ ነው፤ ያገባች ብትሆን የባሏ ገቢ ይጨመራል። የወላጆቿ ደመወዝ በሒሳቡ ውስጥ አይገባም፤ የሚሰጧት መኝታና ምግብም እንደ ገቢ አይቈጠርባትም።

ነገሩ በተቃራኒውም እንዲሁ መሆኑን ልብ በሉ። ዲግሪውን ገና ያልጨረሰ የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ከአባቱ ቤት ወጥቶ፣ ሌሊት እየሠራ ኪራዩን ራሱ ቢከፍል፣ ከላይ ከጠቀስኋቸው ምክንያቶች አንዱ ከሌለው አሁንም ጥገኛ ነው። አባቱ «አንዲት ሳንቲም አልሰጠውም» ቢል እንኳ የአባቱ ገቢ ይጠየቃል። በቋንቋችን ትርጕም ከሄድን ይህ ወጣት ከዚያች ልጅ ይልቅ ራሱን የቻለ ነው፤ በቅጹ ትርጕም ግን እርሱ ጥገኛ ነው፣ እርሷም ራሷን የቻለች ናት። ቃሉ አንድ ይሁን እንጂ፣ የቅጹ ጥያቄ «የትምህርቱን ወጪ ለመክፈል አስቀድሞ የሚጠየቀው ማነው?» የሚል ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ለሚማር ወጣት አስቀድሞ የሚጠየቀው ወላጅ ነው፤ ለማስተርስ ተማሪ ግን ተማሪው ራሱ ነው። አባትየው ይህን ቢረዳ የሚቀየምበት ምክንያት አይኖረውም፤ ልጁ አልካደችውምና።

ቤትን የሚጠይቅ ሕግ ግን ከዚህ በፊት ነበረ፤ በየቤቱ የሚሰማው የተሳሳተ ምክርም ከዚያ ዘመን የቀረ ይመስለኛል። የዛሬው የርዳታ ሥርዓት መሠረት በ1965 የወጣው የከፍተኛ ትምህርት ሕግ ነው፤ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የፈረሙትም በቴክሳስ በሳን ማርቆስ ከተማ፣ ራሳቸው በተማሩበት ኮሌጅ ነበር። ከዚያ በኋላ እስከ 1986 ድረስ በሠራው ደንብ፣ አንድ ተማሪ ራሱን የቻለ ለመባል ሦስት ነገር ይጠየቅ ነበር። በወላጆቹ ቤት ከስድስት ሳምንት በላይ ያልኖረ፣ በዓመት ከ750 ዶላር በላይ ከእነርሱ ያልተቀበለ፣ በግብር ማስታወቂያቸውም ላይ ጥገኛ ተብሎ ያልተመዘገበ መሆን ነበረበት። በዚያ ደንብ ቢሆን ኖሮ ያች ልጅ በእናቷ ቤት አንድ ክረምት በማሳለፏ ብቻ ርዳታው ሊቀርባት ይችል ነበር።

በ1986 ሕጉ ተሻሻለና የሃያ አራት ዓመት ዕድሜ ዋና መለያ ሆነ። የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪ ግን በዚያን ጊዜ አሁንም ቅድመ ሁኔታ ነበረበት፤ ወላጆቹ በግብር ማስታወቂያቸው ላይ እንዳያስመዘግቡት ይፈለግ ነበር። በ1992 በተደረገው ማሻሻያ ይህም ቀረና ነገሩ ዛሬ ባለበት ሁኔታ ጸና። ሕግ አውጪዎቹ ቤትን ከመጠየቅ የተዉበትን ምክንያት እኔ እንደሚመስለኝ ልናገር። ማን በማን ቤት ስንት ሌሊት እንዳደረ መርምሮ የሚያረጋግጥ መሥሪያ ቤት በዓለም ላይ የለም። ከዚህም በቀር ባለጠጋው አባት ለልጁ ክፍል ተከራይቶ «ከቤት ወጥቷል» ሊል ይችላል፤ ድኻው ግን ልጁን ከቤቱ የሚያስወጣበት ገንዘብ የለውም። አብሮ መኖርን የሚቀጣ ደንብ አብሮ ከመኖር ሌላ ምርጫ የሌለውን ሰው ይቀጣል። እንዲህ ያለው ደንብ መሻሩ መልካም ነው።

ስለ ግብር መዝገቡ የተነሣውን ምክር በአጭሩ ልመልስ። በአሜሪካ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ በልዩ ልዩ መዝገብ ላይ በልዩ ልዩ ስም ይጻፋል። ለገቢ ግብር መሥሪያ ቤት፣ ሙሉ ጊዜውን የሚማር ከሃያ አራት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከወላጁ ጋራ እስከ ኖረና ራሱን በራሱ እስካላስተዳደረ ድረስ የአባቱ ጥገኛ ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ለጤና ኢንሹራንስ ደግሞ፣ በ2010 በወጣው ሕግ መሠረት እስከ ሃያ ስድስት ዓመቱ በወላጁ ኢንሹራንስ ሊቈይ ይችላል። በትምህርት ርዳታ ቅጽ ግን ያው ሰው ራሱን የቻለ ነው። ሦስቱ መዝገቦች አንዱ ሌላውን አያፈርሱም። ስለዚህ አባት ሕጉ የፈቀደለትን የግብር ቅናሽ ትቶ ልጁን ከመዝገቡ ቢሰርዛት፣ ቅናሹን በከንቱ ያጣል እንጂ የርዳታ ቅጹን በምንም አይለውጠውም።

እስከዚህ የተናገርሁት የምሥራች ሊመስል ይችላል፤ ዳሩ ግን ሌላ ገጽ አለው፤ ከሁሉ ይልቅ ልብ እንድትሉት የምፈልገውም ይህን ነው። ብዙ ሰው «ራሷን የቻለች ተብላለች» ሲባል መንግሥት ገንዘብ የሚሰጣት ይመስለዋል። የመጀመሪያ ዲግሪ ለሚማሩ ድኾች በነፃ የሚሰጠው፣ «ፔል ግራንት» የሚባለው ርዳታ፣ ለማስተርስና ለዶክትሬት ተማሪ በጠቅላላው አይሰጥም። ትምህርቱ እስኪያልቅ ድረስ ወለዱን መንግሥት ይከፍልለት የነበረው ብድርም፣ ለእነዚህ ተማሪዎች ከሐምሌ 1 ቀን 2012 ጀምሮ ቀርቷል። ተማሪው ከተቋሙ ስጦታ ወይም በትምህርት ቤቱ ውስጥ ሠርቶ የሚከፈለው ሥራ ሊያገኝ ይችላል፤ እርሱም በተቋሙ ፈቃድና ገንዘብ ልክ ነው። ለሁሉ የተከፈተው ትልቁ በር ብድር ነው። ይህ ብድር በዓመት እስከ 20,500 ዶላር የሚደርስ ሲሆን፣ ወለዱ መቈጠር የሚጀምረው ገንዘቡ ከወጣበት ቀን ነው። ስለዚህ «ራሱን የቻለ» የሚለው ቃል የሚሰጠው መብት በአብዛኛው የመበደር መብት ነው።

በሒሳብ እንየው። ከ2025 እስከ 2026 ለነበረው የትምህርት ዓመት የዚህ ብድር ወለድ ከመቶ 7.94 ነበር። አንድ ተማሪ ሙሉውን 20,500 ዶላር አንድ ዓመት ሙሉ ቢይዘው ወለዱ ብቻ ከ1,600 ዶላር ይበልጣል። ገና ሳይመረቅ፣ ገና አንድ ቀን ደመወዝ ሳይቀበል ማለት ነው። በሁለት ዓመት ዋናው ዕዳ 41,000 ዶላር ይሆናል።

እንግዲህ የአባት ቤት ዋጋ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ክፍል በወር 1,000 ዶላር ይከራያል ብለን ብናስብ፣ በሁለት ዓመት 24,000 ዶላር ይሆናል። ያች ልጅ «ራሷን እንድትችል» ብለው ከቤት ቢያስወጧት፣ ይህን ገንዘብ በወለድ ተበድራ ለአከራይ ትከፍል ነበር። በእናቷ ቤት ብትቈይ ግን አትበደረውም። ቅጹ የአባትን ጣራ አይጠይቅም፣ አይመዘግብም፣ አያመሰግንም፤ ለብዙ ቤተ ሰብ ግን ከማናቸውም ስጦታ የሚበልጠው ስጦታ እርሱ ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ሞልቶት ከወላጆቹ ጋራ መኖሩን በአሜሪካውያን ጓደኞቹ ፊት የሚደብቅ ወጣት አለ ይባላል። ሒሳብ የሚያውቅ ከሆነ የሚያፍርበት ምክንያት አይታየኝም።

ቤት ለራስ መቻል አይጠየቅም ማለት ግን ፈጽሞ ከጥያቄ ይቀራል ማለት አይደለም፤ በዚህ ቦታ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የተማሪውን የዓመት ወጪ ገምቶ ልክ ያወጣለታል፤ የርዳታውና የብድሩ ጠቅላላ ድምር ከዚያ ልክ እንዲያልፍ አይፈቀድም። በግምቱ ውስጥ የቤትና የምግብ ወጪ አለበት፤ ከወላጆቹ ጋራ ለሚኖር ተማሪ የሚወሰነው ልክ አብዛኛውን ጊዜ ያነሰ ነው። ዜሮ ማድረግ ግን አይፈቀድም፤ በአባት ቤት የሚኖር ሰውም ይበላልና። ይህን ጥያቄ የሚጠይቀው ከ2024 ወዲህ ፋፍሳ ሳይሆን ትምህርት ቤቱ ራሱ ነው። ልጅቱ ስትጠየቅ እውነቱን ትናገር። የበለጠ ለመበደር ብላ «ብቻዬን እኖራለሁ» ብትል፣ ያለ ምክንያት በሐሰት ገብታ ያለ ምክንያት ዕዳ ትጨምራለች።

እንዲሁም የሕክምና፣ የጥርስ ሕክምናና የሕግ ተማሪዎችን ለብቻ ማንሣት ይገባኛል። በፌዴራሉ ቅጽ ዘንድ እነርሱም ራሳቸውን የቻሉ ናቸው። ነገር ግን አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ከራሳቸው ሣጥን የሚሰጡትን ስጦታ ለማከፋፈል የወላጅን ገቢ ይጠይቃሉ፤ ተማሪው ሠላሳ ዓመት ቢሆነው እንኳ የሚጠይቁ አሉ። የፌዴራሉ የጤና መሥሪያ ቤት በትምህርት ቤቶች በኩል የሚያበድራቸው አንዳንድ ብድሮችም እንዲሁ ናቸው። በዚህ ጊዜ አባት «ራስሽን ችለሻል ተብለሽ የለም ወይ? አሁን ደግሞ ምን ቀረ?» ብሎ የግብር ወረቀቱን ቢከለክላት፣ የሚከለክላት ከዕዳ ነፃ የሆነውን ገንዘብ ነው። ወረቀቱን መስጠት የመክፈል ግዴታ አያስከትልበትም።

ግዴታ የሚያስከትለው ሌላ ፊርማ ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ የሆናችሁ ሁሉ ይህን ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ዋስትናን ማለቴ ነው። ለባልንጀራው ተያዥ ሆኖ ደመወዙ የተቈረጠበት ሰው ከመካከላችን አይታጣም። ከላይ የጠቀስሁት የ20,500 ዶላር የፌዴራል ብድር ዋስ አይጠይቅም፤ ልጅቱ ብቻዋን ፈርማ ትወስዳለች። ከዚህ በላይ ለሚያስፈልጋቸው ደግሞ ከ2006 ጀምሮ «ግራጁዌት ፕላስ» የሚባል የፌዴራል ብድር ነበረ፤ በእርሱም የትምህርቱን ሙሉ ወጪ ያህል መበደር ይቻል ነበር። ይሁን እንጂ ሐምሌ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ይህን ብድር ከሐምሌ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ዘጋው፤ ቀድሞ የተበደሩ ተማሪዎች የመሸጋገሪያ ጊዜ ተሰጣቸው። በዚያው ሕግ የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪ በዓመት ከ20,500፣ በጠቅላላው ከ100,000 ዶላር በላይ የፌዴራል ብድር እንዳይወስድ ተወሰነ። እንደ ሕክምናና እንደ ሕግ ላሉት ሙያዎች ልኩ በዓመት 50,000፣ በጠቅላላው 200,000 ዶላር ሆነ።

ይህ ለውጥ በቤተ ሰብ ውስጥ ምን ያመጣል ብላችሁ ብትጠይቁ፣ መልሱ ይኸው ነው። ትምህርቱ ከልኩ በላይ ዋጋ ያለው ተማሪ ወደ ግል ባንክ ይሄዳል። ባንኩም ገና ሥራ ያልያዘውን ወጣት አይቶ «ዋስህን አምጣ» ይለዋል። ዋሱ ማን ሊሆን ነው? ያው ታክሲ ነጂው አባት ነው። የመንግሥቱ ቅጽ «አንተን አልጠይቅም» ብሎ ያሰናበተው አባት በሌላ በር ተጠርቶ ይገባል፤ በዚህኛው በር ግን የሚጠየቀው ወረቀት ብቻ ሳይሆን ቤቱና ደመወዙ ነው። ልጅቱ መክፈል ቢያቅታት ባንኩ አባቷን እንደ ራሷ አድርጎ ይከሰዋል።

ስለዚህ እኔ ለእንዲህ ያለው ቤተ ሰብ የምመክረው፣ «ራሴን ችያለሁ» በሚለው ፊርማ ላይ ሲሟገቱ የሚያጠፉትን ጊዜ ወደዚህኛው ፊርማ እንዲያዞሩት ነው። ልጅቱ ሁለት ትምህርት ቤቶች ተቀብለዋት ከሆነ፣ አንዱ ከቤት በአውቶቡስ የሚደረስና በፌዴራሉ ብድር ልክ የሚጨረስ፣ ሁለተኛው ስሙ የገነነና ሩቅ፣ የግል ባንክ ብድርና የአባት ዋስትና የሚፈልግ ቢሆን፣ አባት ከመፈረሙ በፊት የሦስት ወር ደመወዙን በወረቀት ላይ ጽፎ፣ ቀጥሎ የብድሩን የወር ክፍያ ጽፎ፣ ከልጁ ጋራ ተቀምጦ ይመልከተው። ስሙ በገነነው ትምህርት ቤት ልጄን አስተማርሁ ማለት ደስ ያሰኛል፤ ደስታው ግን ጡረታ በወጣ ጊዜ የባንክ ደብዳቤ ከደረሰው አይቈይም።

አንድ የተረሳ ነገር አለ። ከአገራችን በሄዱት ቤተ ሰቦች ዘንድ በወላጅ ቤት የሚኖረው ልጅ ሁልጊዜ ተጧሪ አይደለም። አባት ታሞ ሥራ ያቆመበት፣ እናት ቋንቋ ያልለመደችበት ቤት አለ፤ እዚያ ኪራዩን የሚከፍለው፣ ወጥ የሚሠራበትን ገንዘብ የሚያመጣው ልጅ ነው። ሰው ሲያየው «ከአባቱና ከእናቱ ጋራ ይኖራል» ይላል፤ እውነቱ ግን አባቱና እናቱ ከእርሱ ጋራ ይኖራሉ። እንዲህ ያለው ተማሪ የወላጆቹን ኑሮ ከግማሽ በላይ የሚሸፍን ከሆነና አብረውት የሚኖሩ ከሆነ፣ በፋፍሳው ላይ በቤተ ሰቡ ቍጥር ውስጥ እነርሱን ለማስገባት ይፈቀድለታል። ይህም የሚሸከመውን ሸክም ለትምህርት ቤቱ ያሳይለታል። ብዙዎች ግን ሳያውቁ «አንድ ሰው» ብለው ጽፈው ያልፋሉ፤ አባትና እናትን ጥገኛ ብሎ መጻፍ ነውር ይመስላቸዋልና።

በመጨረሻም እዚህ አዲስ አበባ ወይም በየክፍላተ ሀገሩ በሥራ ላይ ያላችሁት አባቶችና እናቶች፣ ልጃችሁ በዲቪ ወይም በዘመድ በኩል ሄዶ የመኖሪያ ፈቃድ ይዞ እዚያ የሚማር እንደ ሆነ፣ የሚመለከታችሁን ልናገር። ልጁ የመጀመሪያ ዲግሪውን የሚማር፣ ከሃያ አራት ዓመት በታች የሆነና ያላገባ ከሆነ፣ እናንተ ባሕር ማዶ ብትሆኑም ገቢያችሁ በቅጹ ላይ ይጠየቃል፤ በብር የተቀበላችሁት ደመወዝ ወደ ዶላር ተለውጦ ይጻፋል። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 2024 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ የአንድ መምሪያ ኀላፊ ደመወዝ በዶላር ሲጻፍ ምን ያህል እንደሚያንስ የምታውቁት ናችሁ፤ በዚህ ረገድ ማነሱ ለልጁ ይጠቅመዋል እንጂ አይጐዳውም። ስለዚህ የደመወዝ ማስረጃ ሲጠይቃችሁ ቶሎ አጽፋችሁ ላኩለት።

ለማስተርስ ወይም ለዶክትሬት የገባ ከሆነ ግን፣ ከላይ ከተናገርኋቸው ከትምህርት ቤቶቹ የራሳቸው ስጦታና ከጤናው መሥሪያ ቤት ብድር በቀር፣ ከእናንተ የሚፈለግ ወረቀት የለም። በሒሳብ ክፍል ደጃፍ ተሰልፋችሁ ደብዳቤ ማጻፍ፣ ማስተርጐም፣ ማኅተም ማስመታት አያስፈልጋችሁም። ቅጹ ለሚመጣው የትምህርት ዓመት የሚከፈተው አብዛኛውን ጊዜ በኦክቶበር 1 ቀን ግድም፣ ማለት በመስከረም ሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ግድም ነው። ልጁ ራሱ ይሙላው፤ ራሱም ይፈርምበት።